ከድንጋዩ ይልቅ ውሃውን፦ በኢንካዎች ሸለቆ የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ኩስኮ

ሐምሌ እዚህ በጋ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ የሚለበልብ፤ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ግን ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የድሮው የኢንካዎች መንግሥት ዋና ከተማ፣ የፔሩዋ ኩስኮ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣለች፤ ከአዲስ አበባ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ትላለች ማለት ነው። ታላቅ እህቴ እኔን ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ አሜሪካ መጥታ ነው አብረን የተነሳነው፤ እኔ ደግሞ ስንት ዓመት የኖርኩት ሜሪላንድ ሜዳ ላይ ነው። ልዩነቱ የሆቴሉን ደረጃ ስንወጣ ታየ። እሷ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ላይ ደርሳ ክፍሉን ስትመርጥ፣ እኔ መሃል ላይ ግድግዳ ተደግፌ ትንፋሼን እለምናለሁ።

«አሜሪካ አበላሸችህ» አለችኝ ከላይ ሆና።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። የደጋ ሕዝብ ሁሉ ከፍታን የለመደው በአንድ መንገድ አይደለም። የዚህ የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ደማቸው ውስጥ በዝቶ ነው የሚቋቋሙት። በ2002 የወጣ ጥናት ደግሞ ስሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮች ሄሞግሎቢናቸው ከቆላ ሰው ብዙም ሳይለይ ኦክስጅናቸውም እንዳልጎደለ አሳይቷል። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እህቴ ይህን ስነግራት ምንም አልገረማትም፤ የኮካ ቅጠል ሻይዋን ፉት እያለች ራሴን የሚያመኝን ሰውዬ ታየኛለች።

ማክሰኞ

ቀስ ብሎ መራመድ ብቻ ነበር ዕቅዳችን። ኮሪካንቻ፣ ዋናው የፀሐይ ቤተ መቅደስ፣ ዛሬ የሳንቶ ዶሚንጎ ገዳም ነው። ግድግዳውን ለብሶት የነበረው የወርቅ ሰሌዳ በ1533 ተላጠ፤ ለተማረከው ንጉሥ ለአታዋልፓ ማስለቀቂያ ተብሎ። ስፔኖቹ ወርቁን ተቀበሉ፣ ንጉሡንም ገደሉት። በ1950 ከተማዋን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት፣ ከላይ የተደረበው የስፔኖቹ ሥራ ሲፈራርስ ከሥር ያለው የኢንካ ግንብ ቆሞ ቀረ። ግድግዳው ወደ ውስጥ ትንሽ ዘንበል ይላል፤ በሮቹ ከታች ሰፍተው ከላይ ይጠባሉ። በድንጋዮቹ መካከል ጭቃም ኖራም የለም።

ካቴድራሉ ውስጥ ማርኮስ ሳፓታ የሳለው የጸሎተ ሐሙስ ማዕድ አለ። ጌታችን ከሐዋርያቱ ጋር ተቀምጦ፣ መሃል ሳህኑ ላይ የተጋደመው ግን በግ አይደለም፤ ኩዊ ነው፣ ጭራ የሌላት ወፍራም አይጥ የምትመስለው የአገሩ እርድ። እህቴ አማተበች። ለማዕዱ ይሁን ለእንስሳዋ አልጠየቅኳትም።

ማታ የነገውን የጋራ ጉብኝት ተመዘገብን። የመግቢያ ትኬቱ አንድ ወጥ ነው፤ እኛ በከፈልንበት ዋጋ 130 ሶል፣ ለ10 ቀን የሚያገለግል፣ ቺንቼሮን፣ ሞራይን፣ ኦያንታይታምቦን፣ ፒሳክንና ሳክሳይዋማንን ጨምሮ 16 ቦታ የሚያስገባ። ዝነኛው የኢንካ ፍርስራሽ ማቹ ፒቹ እዚህ ውስጥ የለበትም፤ የራሱ ትኬትና የራሱ ወረፋ አለው። እኛም ለሌላ ጊዜ አሳድረነዋል።

ረቡዕ፣ ሸለቆው

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሚኒባሱ መጣ። ብራዚላውያን ጓደኛሞች፣ ሜክሲኳውያን ባልና ሚስት፣ ዝምተኛ ጀርመኖችና እኛ። አስጎብኚያችን ከቤቱ ኬቹዋ፣ የኢንካዎቹን ቋንቋ፣ የሚናገር ወጣት ነው። «ፋሚሊያ!» እያለ ነው የሚጠራን፤ ሁሉንም ነገር መጀመሪያ በስፓኒሽ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይለዋል። በስፓኒሽ ሲናገር ሰው ይስቃል፤ በእንግሊዝኛ ሲደግመው ቀልዱ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ከከተማው ወጥተን ሽቅብ ስንል መስኮቱን ከፈት አደረግሁት። የባሕር ዛፍ ሽታ ገባ። እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። ኮረብታው ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከአውስትራሊያ መጥቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እነሱም ጋ እኛም ጋ የተተከለ። እንጦጦን በምኒልክ ዘመን ያለበሰው ዛፍ የኢንካዎቹንም ተራራ አልብሷል። የገበሬዎቹ ቤት ማገሩም ማገዶውም እሱ ነው፤ ምንጭ ያደርቃል ብለው የሚያሙትም እሱኑ ነው። ለእኛ ባዕድ አልሆነብንም።

ቺንቼሮ 3,760 ሜትር ላይ ነው። የኢንካው ንጉሥ የቱፓክ ዩፓንኪ ርስት ነበር፤ ዛሬ በቤተ መንግሥቱ መሠረት ላይ ነጭ የጭቃ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ለእርከኖቹ የተሰጠን ጊዜ አጭር ነው፤ ለሽመናው ቤት የተሰጠን ግን ረጅም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እዚያ የሚሸጥ ነገር አለ። አስጎብኚዎች ከሽያጩ ድርሻቸው እንዳለ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

ቢሆንም ሴቶቹ የሚያሳዩት ነገር ውሸት የለበትም። አንዷ ሥር ፈቅፍቃ ውሃ ውስጥ ስትመታው እንደ ሳሙና አረፋ አወጣ፤ አልፓካ የሚሉትን የአገሩን እንስሳ ጸጉር በሱ አጠበችው። ሌላዋ እንዝርቷን እያሾረች ታወራናለች፤ እጇን አታየውም። ከዚያ ከቁልቋል ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለች ነፍሳት አንስታ መዳፏ ላይ ጨፈለቀች፤ መዳፏ ደም መሰለ። ኮቺኒያል ይሏታል። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ቀዩ ወደ ብርቱካናማ ሄደ።

እህቴ ጎንበስ ብላ አየች። «ይቺ አይደለች እንዴ ትግራይ ውስጥ በለሱን የጨረሰችው?»

ናት። በለሱ ራሱ ከዚህ አህጉር የሄደ ተክል ነው፤ ነፍሳቷን ደግሞ የዛሬ 20 ዓመት ገደማ ለቀለም ምርት ብለው ወሰዷት። ሰብሳቢዋ ሲሳሳ በደቡብ ትግራይ ተዛመተችና ገበሬው ክረምቱን የሚሻገርበትን በለስ አደረቀችው። ለአስጎብኚው ነገርኩት። ፔሩ በዚህ ቀለም ምርት የዓለም ቀዳሚ ናት፤ ልጁ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ለሸማኔዎቹ በኬቹዋ ሲተረጉምላቸው አንዷ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች።

ከመንደሩ ስንወጣ በግራ በኩል ሰፊ ቀይ አፈር ተገልጧል፤ አዲሱ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራበት ነው። ቱሪስቱ ኩስኮን ሳይነካ ቀጥታ ሸለቆው ራስ ላይ እንዲያርፍ። ልጁ ስለ አውሮፕላን ማረፊያው ሲጠየቅ በስፓኒሽ ብዙ ተናገረ፤ በእንግሊዝኛ «ሰዉ ለሁለት ተከፍሏል» ብቻ አለ።

ሞራይን በፎቶ ያላየ የለም፤ መሬት ውስጥ የሰመጡ ክብ እርከኖች፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ። ትልቁ ጉድጓድ ወደ 30 ሜትር ይጠልቃል። ከጫፉ ቆመን አየነው፤ ታች መውረድ የለም። ልጁ ይህ የኢንካዎች የእርሻ ላብራቶሪ ነው፣ ከላይኛው እስከ ታችኛው እርከን እስከ 15 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት አለ፣ እዚህ ዘር ያላምዱ ነበር አለን። አባባሉ ሳይንሳዊ መላ ምት ነው፤ አስጎብኚ አፍ ሲገባ ግን ታሪክ ይሆናል። ኢንካዎች ጽሕፈት አልነበራቸውም፤ የሚቆጥሩት ኪፑ በሚሉት ቋጠሮ ክር ነው፣ ስለ ሞራይ የነገረን ክርም የለም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚዘንበው ዝናብ ጉድጓዱን ኩሬ አላደረገውም፤ ታች ድረስ ወርዶ ይሰርጋል። በ2010 መጀመሪያ ላይ የጣለው ከባድ ዝናብ የእርከኑን ከፊል ሲያፈርሰው ነው ውሃ ማስረጉ ምን ያህል ሥራ እንደነበር የታየው።

ከጫፉ ማዶ ገብስ ታጭዷል። ሜክሲኳዊቱ ስለ ቤተ መቅደስ ስትጠይቅ እህቴ ክምሩን እያየች «ደጋ ነው በቃ» አለች። ያን ቀን ከሰማሁት ማብራሪያ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ኢንካዎቹን ትልቅ ያደረጋቸው አንዱን ተራራ ከላይ እስከ ታች ማወቃቸው ነው፤ ላይ ለድንችና ለላማ መንጋ፣ መሃል ለበቆሎ፣ ወደ ጫካው ወርዶ ለኮካ። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ እያለ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስጎብኚ አያስፈልገውም።

የማራስ ጨው ኩሬዎች ላይ ብዙ አልቆየንም። ከተራራው ሥር ጨዋማ ምንጭ ይወጣል፣ በአንዲት ቀጭን ቦይ ተመርቶ ከ3,000 በላይ ለሆኑ ትናንሽ ኩሬዎች ይከፋፈላል፣ ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨዉ ይቀራል። ከኢንካዎች በፊት የተጀመረ ሥራ ነው፤ ኩሬዎቹ ዛሬም የመንደሩ ቤተሰቦች ናቸው። ትኬታችን እዚህ አይሠራም፤ የሚከፈለው ለመንደሩ ነው፣ ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። በኩሬዎቹ መካከል መሄድ ስለተከለከለ ከላይ ሆኖ ማየት ብቻ ነው። ከሁሉም ልቤ የቀረው ቦይዋ ላይ ነው፤ ስፋቷ ከሁለት ስንዝር አይበልጥም፣ ያን ሁሉ ቤት ታበላለች።

ኡሩባምባ ከተማ ላይ ምሳ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሥጋ በየዓይነቱ። ረቡዕ ነውና እኛ ጾመኞች ነን። አስተናጋጁ ሊያዝንልን ሲል ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የተረሱትን ሳህኖች አየናቸው፤ ቅቅል ባቄላ፣ ጥርሱ ትልልቅ ነጭ በቆሎ፣ የኪኑዋ ሾርባ፣ ድንች ደግሞ ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ ጣት የመሰለ፣ የተጨማደደ። ድንች ወደ እኛ አገር የገባው በ1858 ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ ነው ይባላል፤ ባቄላው ደግሞ ከስፔኖች ጋር ወዲህ የተሻገረ ነው። እህቴ ሦስት ዓይነት ድንች ቀምሳ «የኛ ሰውዬ አንዱን ብቻ ነው ይዞ የመጣው» አለች።

ኦያንታይታምቦ ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ሸለቆው እዚህ ይጠብባል፤ በሁለት ተራራ መካከል ድንጋይ መንደር፣ ከበላዩ ገደል የመሰሉ እርከኖች። ልጁ በደረጃው ላይ እየቆመ እኔን ይጠብቃል፤ እህቴን መጠበቅ ትቷል። ከላይ ስድስቱ የፀሐይ መቅደስ ድንጋዮች ተደርድረዋል፣ ሮዝ መልክ ያላቸው፣ ቁመታቸው አራት ሜትር ያህል። ፎቶ የማያሳየውን ቀርቤ አየሁት፤ ሁለቱ ግዙፍ ድንጋዮች እርስ በርስ አይነካኩም። በየመካከላቸው እንደ ሳንቃ የቀጠነ ሌላ ድንጋይ ገብቷል፣ ጥፍር በማያስገባ ልክ። ፊታቸው ላይ ያልተላጠ እብጠት እዚህም እዚያም ቀርቷል። ሥራው አላለቀም። ከወንዙ ማዶ ካቺካታ ከሚባለው የድንጋይ ካባ ተራራ አውርደው፣ የኡሩባምባን ወንዝ አሻግረው፣ እንደገና ሽቅብ ጎትተው ያመጧቸው ናቸው፤ ያለ ብረት፣ ያለ ጋሪ፣ በተራ በሚወጣ የጉልበት ግብር። መንገድ ላይ የቀሩም አሉ፤ «የደከሙ ድንጋዮች» ይሏቸዋል።

ከቡድኑ አንዱ ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን ሠርተውት እንደሆነ ጠየቀ። ልጁ ሳይቆጣ ድንጋዩ ወደተጎተተበት መወጣጫ ጠቆመው። «መወጣጫውን ተመልከት። ከሰማይ የመጣ ሰው መወጣጫ ምን ያደርግለታል?» ከዚያ ድንጋዩን ተወት አድርጉት አለን፤ ኢንካን ማየት የፈለገ ውሃውን ይከተል።

ወዲያው ወደ ጦርነቱ ገባ፣ እዚህ ላይ ልጁ ሌላ ሰው ሆነ። በ1536 የኢንካው ንጉሥ ማንኮ ኢንካ በስፔኖች ላይ ተነስቶ ኩስኮን ከበበ። ከተማዋን ማስለቀቅ ሳይችል ሲቀር ወደዚህ አፈገፈገ። በ1537 መጀመሪያ የስፔኖቹ አዛዥ ኤርናንዶ ፒሳሮ ፈረሰኞቹን ይዞ መጣ። ከላይ ከእርከኑ ድንጋይና ቀስት ይዘንባል፤ ከታች ማንኮ ቦዮቹን አስከፈተና ሜዳውን ውሃ አለበሰው። ፈረስ ጭቃ ውስጥ ምን ይሠራል? ስፔኖቹ በሌሊት ተመለሱ። ማንኮ ግን ሌላ ጦር እንደሚመጣ ስላወቀ ወደ ቪልካባምባ ጫካ ገባ፤ ልጆቹም እስከ 1572 እዚያ ተቀመጡ፣ የመጨረሻው ቱፓክ አማሩ ኩስኮ አደባባይ ላይ አንገቱን እስኪቀላ።

እርከኑን ወርደን ታች ስንደርስ ልጁ በድንጋይ የተቀረጸ ፏፏቴ አሳየን። የድንጋዩን ከንፈር በጣቱ ሲነካው ውሃው መፍሰሱን አቆመ፤ እንደገና ሲነካው ጀመረ። ጀርመኖቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

ሚኒባሱ ወደ ኩስኮ ሲመለስ እኛ ቀረን። እህቴ ለልጁ ጉርሻ ሰጥታ «እደግ ልጄ» አለችው በአማርኛ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

ሐሙስ

ባቡሩ የቀን ጎብኚውን ጭኖ ሲሄድ መንደሩ ለራሱ ይቀራል። ጠባብ መንገዶቹ ኢንካዎች በቀየሱት መስመር ላይ ናቸው፤ በየመንገዱ ጠርዝ ክፍት ቦይ ይፈሳል፣ ሴቶች አትክልት ያጥቡበታል። ፒንኩይዩና የሚሉት ተራራ ወገብ ላይ የእህል ጎተራዎች አሉ፤ ትኬት አይጠየቅበትም። ለምን ገደል ላይ ሠሩት ብዬ ነበር ስወጣ፤ ላይ ስደርስ ነፋሱ መለሰልኝ። ቅዝቃዜውና ነፋሱ እህሉን ከብል ይጠብቁታል። በቆሎና ቹኞ የሚቀመጠው እዚህ ነበር። ቹኞ በእንዲህ ያለው ወር የሚሠራ ነው፤ ድንቹን ሌሊት ውርጭ ላይ ያሰጡታል፣ ቀን በባዶ እግር ረግጠው ውሃውን ያወጡታል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ እንዲህ ሆኖ ለዓመታት ይቀመጣል። ጦርን በተራራ ላይ የሚያቆም ስንቅ ነው።

ከመንደሩ በተሳፋሪ ሚኒባስ ወደ ፒሳክ ሄድን። ሹፌሩ ሰው እስኪሞላ አይነሳም፤ ረዳቱ የመድረሻውን ስም በአንድ ትንፋሽ ደጋግሞ ይጠራል። መንገድ ላይ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ቀይ ላስቲክ ታስሮ አየን፣ ከዚያ ሌላ። እህቴ ሳይነግሯት ገባት፤ ጎንደር ጠላ ቤት በር ላይ ጣሳ እንጨት ላይ እንደሚሰካው ማለት ነው። «አስቁመው» አለችኝ።

የጭቃ ቤት ነው፤ ጥግ ላይ የሸክላ ጋኖች፣ ወለሉ ላይ ኩዊዎች ይሯሯጣሉ። ባለቤቷ ባርኔጣዋን አላወለቀችም። «ማሚታ» ብዬ ሁለት አዘዝኩ፤ ጠርሙስ የሚያህል ብርጭቆ መጣ፣ አረፋው ከላይ ተቆልሎ። ቺቻ ከበቆሎ ብቅል ይጠመቃል፤ ብቅሉን ሆራ ይሉታል። ከመጠጣታችን በፊት ጥቂት መሬት ላይ እንድናፈስ አሳየችን፣ ለፓቻማማ፣ ለመሬት እናት። እህቴ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ «ለሞቱት» ብላ አፈሰሰች። ኮምጠጥ ያለ፣ ቀለል ያለ መጠጥ ነው። «ጌሾ ብቻ ነው የጎደለው» ብላ ብርጭቆዋን ጨረሰች፤ እኔ ከግማሽ አላለፍኩም።

ፒሳክ ላይ በታክሲ ወጥተን በእግር ወረድን። እርከኖቹ የተራራውን ቅርጽ እየተከተሉ ይዞራሉ፤ ፊት ለፊት ያለው ገደል በመቃብር ጉድጓዶች ተበሳስቷል፣ ሁሉም የተዘረፉ። ከላይ ሆነው ሲያዩት ታች ያለው ወንዝ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይፈሳል። ወንዝ ቀጥ ብሎ አይፈስም፤ ኢንካዎች በድንጋይ ግንብ መስመር አስይዘውት ነው፣ ሜዳውን ለበቆሎ ለማትረፍ። የልጁ ምክር እዚህም ሠራ። ገበያው ግን አልማረከኝም፤ ቺንቼሮ ላይ የተፈተለውና ከፋብሪካ የመጣው ጎን ለጎን ተሰቅሎ በአንድ ዋጋ ይሸጣል።

ዓርብ

የመጨረሻውን ቀን ከላይ ወደ ታች አደረግነው፤ በአውቶቡስ ታምቦማቻይ ወርደን በእግር ወደ ኩስኮ። ታምቦማቻይ በተጠረበ ድንጋይ መካከል ምንጭ የሚወርድበት ቦታ ነው፤ ትንሽ ነው፣ የሚያደክም ነገር የለውም፣ ምንጩ በበጋውም አይነጥፍም። ፑካ ፑካራንና ኬንኮን አለፍናቸው፤ ራሴን የሚያመኝ ነገር በመጨረሻ ለቆኛል።

ሳክሳይዋማን ላይ ሦስት ረድፍ ግንብ እንደ መጋዝ ጥርስ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ትልልቆቹ ድንጋዮች ከ100 ቶን በላይ ይገመታሉ። ትንንሾቹን ስፔኖች አውርደው ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሠርተውባቸዋል፤ ማንቀሳቀስ ያልቻሉት ነው የቀረው። በ1536ቱ ከበባ የኤርናንዶ ወንድም ሁዋን ፒሳሮ የሞተው ይህን ምሽግ ሲያጠቃ ነው። በፈረንጆቹ ሰኔ 24 ቀን የፀሐይ በዓል ኢንቲ ራይሚ የሚከበረው በመሃሉ ሜዳ ነው፤ ስፔኖች ከልክለውት በ1944 እንደገና የተጀመረ።

ሜዳውን ስንሻገር ማዶ ካለው አለት ላይ ጩኸት ሰማን። ሮዳዴሮ ይባላል፤ ተፈጥሮ ያለሰለሰው፣ እንደ ቦይ የተሰነጣጠቀ ድንጋይ ነው፣ የትምህርት ቤት ልጆች በቂጣቸው ይንሸራተቱበታል። እህቴ ቦርሳዋን ለእኔ ሰጠችኝ።

«እትዬ፣ ተዪ እንጂ። ብትሰበሪስ?»

ቀሚሷን ሰብስባ ከልጆቹ ጀርባ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ አንዲት ልጅ እግሯን አስተካክላ አስቀመጠቻት፣ ሌላው ከጀርባ ገፋት። ታች ስትደርስ አንድ ጫማዋ ከላይ ቀርቷል። ልጆቹ «ኦትራ! ኦትራ!» እያሉ ጮኹ። ጫማዋን አቀበሏትና እንደገና ወጣች።